ከቁም ሳጥን የተሠራ ግድግዳ

ግድግዳችን መዝመም የጀመረው በሰኔ ነው። መጀመሪያ ያየው የልጆቼ አባት ነው፤ አይቶም ዝም አለ። እኔ ሳየው ግን ዝም አላልኩም።

«አይተኸዋል?» አልኩት።

«ድሮም እንዲሁ ነበር» አለኝ።

ይህ ሰው ጣሪያው ተነቅሎ ቢሄድ፣ ድሮም ከአልጋችን ላይ ሰማይ ይታይ ነበር የሚል ነው። ለትዳር ጥሩ ጠባይ ነው፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም።

ቤቱ የቀበሌ ነው። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቅዳሴው ማድ ቤት ድረስ የሚሰማበት የጭቃ ቤት። በድሮ ጊዜ የአንድ ሰው ሰፊ ቤት ነበር ይላሉ። በኋላ መሃሉን በጭቃ ግድግዳ ከፍለው ለሁለት ቤተሰብ ሰጡት። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ከወሎ የመጡ ጎረቤቶቻችን። በሩ ለየብቻ ነው፤ ግቢው፣ ቆጣሪውና ግድግዳው የጋራ። የግድግዳውን ውፍረት ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም። የልጆቼ አባት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከወዲያ ነው።

የቀበሌ ቤት ውስጥ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ነጠላዬን፣ ጎረቤቴ ሻሿን አስተካክለን ማመልከቻ ይዘን ወረዳው ድረስ ሄድን። የተቀበለን ሰው ጨዋ ነበር፤ ወንበር ሰጠን።

«ክረምት ላይ የጭቃ ሥራ አይፈቀድም። መስከረም ሲጠባ ኑ» አለን።

«ግድግዳው እስከ መስከረም ባይቆይስ?» አለች ጎረቤቴ።

«መቆየት አለበት» አለ።

አመስግነን ወጣን። ቤት ገብተንም መልእክቱን ለግድግዳው አደረስን።

በሐምሌ ደግሞ ስብሰባ ተጠራ። ክረምቱን የማይችሉ ቤቶች ተለይተው፣ ነዋሪዎቻቸው ለደኅንነታቸው ሲባል ወደ ዳር እንደሚዛወሩ ተነገረን። ስለ ደኅንነታችን እንዲህ የታሰበበት ጊዜ ስላላጋጠመን ደነገጥን። አንዱ ተነስቶ ዳር የት እንደሆነ ጠየቀ። ከኋላ፣ «መንገዱ ሲያልቅብህ ደርሰሃል ማለት ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።

እኔ ዳር መሄድ አልፈለግኩም። እግሬን ያመኛል። ከዚህ ቤት ተነስቼ በዝግታ ስሄድ እንኳ ኪዳን አያመልጠኝም። የልጆቼ አባት ካዛንቺስ ወዳለው የሱቅ ሥራው በእግሩ ይሄዳል፤ ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ነው። ጎረቤቴ ቅመም አዘጋጅታ ኡራኤል አካባቢ ላሉ ቤቶች ታቀርባለች፤ ደንበኞቿ በርበሬ ፍለጋ ዳር ድረስ አይከተሏትም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱሪ የሚያሳጥርላቸው ሰዎች ሁሉ ያሉት ከዚህ ሰፈር ነው። ግድግዳው ከቆመ እንኖራለን፤ ከወደቀ ሁለታችንም ቤተሰቦች ዳር እንሄዳለን። ነገሩ ይኸው ነበር።

ስለ መብራቱም ትንሽ ልበል። በዚያ ክረምት መብራት እንደ ሥራ የሚበዛበት ዘመድ ሆኖ ነበር፤ መጥቶ ሳይቀመጥ ይሄዳል። ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ለአባታቸው እንኳ እንዲህ አይጮኹም። እኛም የያዝነውን ጥለን እንሮጣለን። ስልክ የሚሰካው ይሰካል፤ ልብስ የሚተኩሰው ይተኩሳል። አንዱን የሸሚዝ እጅጌ ተኩሼ ሌላውን ሳልጀምር ይሄዳል። የልጆቼ አባት በዚያ ክረምት ሥራ የሚገባው በአንድ ወገን ንጹሕ ሆኖ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ሰው ሻማ ከመፈለጉ በፊት ደጅ ይወጣል፤ የማዶው ቤት መጥፋቱን ያረጋግጣል። የሁሉም ከጠፋ ይረጋጋል። የማዶው በርቶ የእኛ ብቻ ከጠፋ ደግሞ «የኛ ፌዝ ሌላ ነው» እንባባላለን። ምሰሶው ላይ ሦስት መስመር አለ፣ አንዱ ሲሄድ ሌሎቹ ይቀራሉ ይባላል። የእኛ ሁልጊዜ የሚሄደው ነው። ነገሩን በደንብ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህችን ቃል ለተናገረ ሰው ግን ማንም ተጨማሪ ጥያቄ አያቀርብለትም።

ያን ዓመት ፍልሰታና ረመዳን ገጠሙ። ወዲህም ጾም፣ ወዲያም ጾም ሆነ። እኔ ከቅዳሴ መልስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት እቀምሳለሁ፤ ጎረቤቴ ፀሐይ ስትጠልቅ ታፈጥራለች። ከምግብ ሌላ አንደበትም እንደሚጾም ሁለታችንም ተምረናል። የልጆቼ አባት የሚጾመው በሆዱ ብቻ ነው፤ አንደበቱን በዚህ ጉዳይ አያስገባውም። ይህ በኋላ ጠቀመን፤ እግዚአብሔር በማን በኩል እንደሚረዳ አይታወቅም።

ፍልሰታ በገባ በጥቂት ቀን፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ሳልቀመጥ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ወረደ። መብራቱ ጠንቃቃ ስለሆነ በመጀመሪያው ነጎድጓድ ሄደ። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ባልዲውን ከሚያፈሰው ቦታ ስር፣ ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ፣ ድስቱን ከበሩ ጋ አስቀመጥኩ። ውሃው እነዚህን ሁሉ አልፎ መሃል ወለል ላይ መውረድን መረጠ።

ከዚያ ግድግዳው ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። ቤቱ በአቧራ ተሞላ። እንዲያ እየዘነበ አቧራ ከየት እንደመጣ አይገባኝም።

ልጆቼ በር ላይ ቆመው በረዶውን ያዩ ነበር። የእነሱም ልጆች ግቢ ወጥተው በረዶ ይለቅሙ ነበር። ግድግዳው ሲወድቅ ማንንም አልነካም። በዚህ ነገር ላይ ቀልድ የለኝም። እስከ ዛሬ በየማለዳው በስም ጠርቼ የማመሰግንበት ነገር ነው።

አቧራው ሲቀንስ ጎረቤቴን አየኋት። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋው በእጇ ነው። ፍርስራሹን አየች፣ እኔን አየች።

«እትዬ፣ ደኅና ዋሉ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?»

ገባሁ። የሚያቆመኝ ነገር አልነበረም።

ማታ ወንዶቹ ሲመጡ አራታችን ፍርስራሹን ከበን ቆምን። የልጆቼ አባት «ድሮም…» ብሎ ጀመረና አየሁት፤ ተወው። የጎረቤቴ ባል ቃሉን እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ነው። ብዙ ቆይቶ፣

«ለወረዳው እንናገር?» አለ።

«ከተናገርን ዳር ነን» አለች ሚስቱ።

«ጠይቀውናል?»

«አልጠየቁንም።»

«እንግዲያው ሳይጠይቁን ዝም ብንል አልዋሸንም።»

ጠበቃ መሆን ሲገባው ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ። የዚያን ቀን ግን ልብስ ሰፊነቱም አስፈለገን። የእኔን የሠርግ ቁም ሳጥን ከወዲህ፣ የእሷን የሠርግ ቁም ሳጥን ከወዲያ አምጥተን ጀርባ ለጀርባ አቆምናቸው። በጎንና በላይ የቀረውን ክፍተት እሱ ብርድ ልብስና የመጋረጃ ጨርቅ ሰፍቶ ሸፈነው። መኪናው በእግር የሚነዳ ስለሆነ መብራት አልጠየቀውም። በእኔ በኩል፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቀልኩ። በእሷ በኩል የካዕባ ምስል ያለበትን ምንጣፍ ሰቀለች። ከዚያ ወዲያ ቂርቆስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጥበቃ ያለው ግድግዳ የነበረ አይመስለኝም።

የወደቀውን ጭቃ ግቢው ጥግ ከምረን ላስቲክ አለበስነው። እንደገና የሚቦካ ጭቃ አይጣልም።

እንዲህ አድርገን ኖርን። አንድ የከሰል ማንደጃ ለሁለት ቤት በቃን። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ስጨርስ ፍሙን ሳላጠፋ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አሳልፍላታለሁ፤ እሷ ማፍጠሪያዋን ታበስልበታለች። ከንጋት በፊት ሱሁር ለመብላት ስትነሳ ቁም ሳጥኑን በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እኔም ለሌሊቱ የሰዓታት ጸሎት እነሳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፍልሰታ ሳላረፍድ ቤተ ክርስቲያን የደረስኩበት ጊዜ የለም። የልጆቼ አባት ያንኮራፋል። ድሮም ይሰሙት ነበር፤ አሁን ግን በእኩል ተካፈሉት። አንድ ቀን የጎረቤቴ ባል በጣም በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ በጎንህ ብትተኛ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ከወዲያ ጠየቀው። እኔ ለዓመታት የለመንኩት ነበር። ለእሱ ሲሆን ወዲያው ዞረ።

ማታ ማታ አዛን እንደተሰማ፣ ጨርቁ ከላይ ይገለጥና አንዲት ሰሃን በቁም ሳጥኑ አናት ላይ ትመጣለች። ሳምቡሳ ነው። ጎረቤቴ በዚያ ረመዳን ሳምቡሳዋ ውስጥ ሥጋ አላስገባችም፤ ምስር ብቻ ነበር፣ እኛም እንድንቀምስ። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሰሃኗን ግን ባዶዋን መልሼ አላውቅም።

ልጁ የመጣው አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ የምለው የወረዳውን ሠራተኛ ነው፤ ከትልቁ ልጄ ብዙ አይበልጥም። ደመናው ከብዶ ቤቱ ውስጥ ጨልሟል፤ መብራት እንደተለመደው የለም። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ አቅፎታል፤ የሚያየው በስልኩ መብራት ነው፤ ስልኩም ባትሪ እያለቀበት በየጊዜው ይጮኻል።

«እናት፣ ከወረዳ ነኝ። ቤቶቹን እያየን ነው።»

«ግባ ልጄ። ስለ ጫማህ አትጨነቅ፤ ወለሉም የዚያው ዘመድ ነው።»

ገባ።  ጎረቤቴ ከወዲያ እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ ሽንኩርት መክተፏን አቁማለች።

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«በዝናብ ጊዜ ብቻ።»

ጻፈ። «ግድግዳውስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ማለቴ፣ ደኅና ነው ወይ?»

«እስካሁን በእሱ ቸርነት አለን።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ቁም ሳጥኑ።

ልጁ ዞር አለ። «ማን ነው?»

«ጎረቤቴ ናት። ግድግዳው ስስ ነው» አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ከጨርቅ የሳሳ ምን አለ?

«የጋራው ግድግዳ የቱ ነው፣ እናት? ለእሱ ነው የመጣሁት። በሰኔ አመልክታችኋል።»

ለካ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው አለ። በእጄ ወደ ቁም ሳጥኑ አመለከትኩ።

«ከዚህ ጀርባ ነው?»

«ከዚህ ጀርባ የጎረቤቴ ቤት ነው።»

«እሺ። በቃ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ቁም ሳጥኑን ትንሽ ሳብ እናደርገዋለን» ብሎ ስልኩን አነሳ። ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ ጮኸና ጠፋ። ልጁ አፈጠጠበት። «ኤጭ! ቢሮም መብራት የለም እኮ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልሰካሁትም!»

በልቤ መብራቱን አመሰገንኩ። ያን ክረምት ሙሉ ስለ እሱ የተናገርኩትን ሁሉ መልሼ ለመዋጥ ዝግጁ ነበርኩ።

በዚያችው ቅጽበት የሰፈሩ ልጆች፣ «መጣ!»

አምፖሉ በራ። መብራት መጥቶ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ፊቱ በራ፤ ከቦርሳው ቻርጀር አወጣ።

«እናት፣ ሶኬት የት አለ?»

ሶኬቱ ከፊቱ ነበር። ሶኬት ሊደበቅ አይችልም። ሰካው፤ ጎንበስ ብሎ ስልኩ እስኪነሳ መጠበቅ ጀመረ። ነፋሱ በበሩ ገባ። ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው ጨርቅ ተነፋ፤ የእመቤታችን ሥዕል ወዲያና ወዲህ አለች። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል እንዲህ አያደርግም። «እመቤቴ፣ ትንሽ ብቻ ረጋ በይልኝ» አልኩ በልቤ። ልጁ ካቀረቀረበት ቀና ቢል እኛ ዳር ነን።

ስልኩ ሳይነሳ መብራቱ ድርግም አለ።

 ደጅ «ጠፋ!» የሚል ልጅ የለም። ልጁ በበሩ አንገቱን አወጣ። «የማዶው እኮ በርቷል!»

ልክ ያኔ የልጆቼ አባት ከሥራ ገባ፤ ውሃ ከባርኔጣው ይንጠባጠባል። ልጁን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር የገባው ያን ቀን ነው።

«የኛ ፌዝ ሌላ ነው» አለ።

«አሃ» አለ ልጁ፤ ራሱን ነቀነቀ። ቃሏ ሠራች።

በመስኮቱ ሳይ የጎረቤቴ ባል ቆጣሪው ስር ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ማብሪያ ማጥፊያዋን በጣቱ ተደግፏት ሰማይ ሰማይ ያያል። በኋላ ስጠይቀው፣ «እትዬ፣ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ጾሜን ነኝ» አለኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልጁ መሄድ ነበረበት። ዝናቡ ግን በሩ ላይ መጋረጃ ሆነበት። አንድ በርጩማ ሰጠሁት፤ ሻማ ለኮስኩ። ጣሪያው እየተንጫጫ ስለሆነ ማንም አልተናገረም። ልጁ ፊቱ ገርጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ከቤት ቤት ሲዞር ውሏል፤ ምንም እንዳልቀመሰ ያስታውቃል። እናት ስለሆንኩ ይህን ሳላይ ማለፍ አልችልም። ቢሆንም የምሰጠው ነገር ፍለጋ ብነሳ ቁም ሳጥኑን መክፈት አለብኝ፤ ዳቦውን የማስቀምጠው እዚያ ነው። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ ይወዛወዛል። ስለዚህ ልጁ እየተራበ፣ እኔ እየተሳቀቅኩ ተቀመጥን።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል አዛኑ ተሰማ።

ጎረቤቴ የልጆቼን አባት ድምፅ ሰምታለች፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ልጁ የሄደ መስሏታል። የለመደ እጅ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ይሠራል። ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ጨርቁ ተገለጠ። ሂና የተቀባች እጅ፣ ሰሃን ይዛ፣ በቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ ሄደ ያ ሰውዬ? እንኩ፣ ሳይቀዘቅዝ!»

 የልጆቼ አባት ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እጇ በአየር ላይ ትጠብቃለች።

«እትዬ! እጄ ዛለ እኮ!»

ልጁ ከበርጩማው ተነሳ። ሄዶ ሰሃኑን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እጇ እሳት እንደነካት ተመለሰች።  ልጁ ሰሃኑን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«እናት፣ ግድግዳችሁ እጅ አለው።»

«ስስ ነው ብዬሃለሁ» አልኩት።

በጎን ያለውን ጨርቅ በጣቱ ገለጥ አድርጎ በቀዳዳው አየ። ወዲያ ማዶ ጎረቤቴ ቆማለች፣ ልጆቿ ቴምር በእጃቸው እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እሱም አያቸው። ጨርቁን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ሲወድቅ የተጎዳ ሰው አለ?» አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ስለሆነ ልጁን ወደድኩት።

«ማንም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ተቀመጠ። ሰሃኑ ጭኑ ላይ ነው። ሽታው ይደርሰዋል። «የጾም ነው?» አለ በዝግታ።

«ምስር ነው፣ ብላ ወንድሜ!» አለ ቁም ሳጥኑ።

በላ። ሁለተኛውንም በላ። እኛ አፉን እናያለን፤ ከዚያ አፍ ቀጥሎ የሚወጣው ቃል የት እንደምንኖር ይወስናል። ሦስተኛውን ጨርሶ እጁን በመሐረቡ ጠረገ።

«ወድቋል ብዬ ብጽፍ በዚህ ሳምንት ትነሳላችሁ» አለ። «ቆሟል ብዬ ብጽፍ ደግሞ ዋሸሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ።»

 ያን ያህል ጾመኛ በአንድ ጣሪያ ስር ተሰብስቦ ማን ዋሽ ይለዋል?

«ግን ፎቶ የለኝም» አለ እንደገና። «ያለ ፎቶ አየሁ ማለት አይቻልም፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ ዛሬ አልመጣሁም። ነሐሴ ሲያልቅ ስልኬን ሞልቼ እመጣለሁ። ያን ቀን ያየሁትን እጽፋለሁ።»

ይህን ጊዜ የልጆቼ አባት ከጣሪያው ተመለሰ። «ፈቃዱስ? ክረምት ላይ የጭቃ ሥራ አይፈቀድም ብላችኋል እኮ።»

ባሌን እወደዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ሳልወደው ቀረሁ።

ልጁ ወረቀቱን እየጠቀለለ፣ «አባት፣ ላልወደቀ ግድግዳ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» አለ።

ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ። የጎረቤቴ ባል ጃንጥላውን ሰጥቶ እስከ አስፋልቱ ሸኘው።

ግድግዳ ለማቆም ቀን መቁረጥ ነበረብን። ዓርብ የእነሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ የእኛ። በተረፉት ቀኖች ላይ ደግሞ የእኔ ቅዱሳን አሉ። አንዱን ቀን ሲያነሱልኝ በዓል ነው እላለሁ፤ ሌላውን ሲያነሱ እሱም በዓል ነው። የጎረቤቴ ባል በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ በእናንተ ዘንድ ሥራ የሚሠራበት ቀን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዓል ያልዋለበት አንድ ማክሰኞ አገኘንለት።

ላስቲኩን ገልጠን የድሮውን ጭቃ ከአዲስ ጭድ ጋር አቦካን። የሁለቱ ቤት ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው ረገጡት፤ ከትምህርት ይልቅ ለዚህ ሥራ ትጋት አሳዩ። ወንዶቹ ማገሩን አሰሩ፣ እኔና ጎረቤቴ መረግን፣ እሷ ከወዲያ እኔ ከወዲህ። መጀመሪያ ፊት ለፊት እያወራን ነበር፤ ከዚያ እስከ ትከሻዋ ታየኝ፤ ከዚያ ዓይኗ ብቻ ቀረ።

«እትዬ፣ በዚህች ቀዳዳ አንድ ሰሃን ታልፋለች፤ ብንተዋትስ?» አለችኝ።

«ልጁ ሲመጣ ደግሞ እጅሽን ልታሳዪው ነው?»

ስቃ ደፈነችው።

በነሐሴ ጭቃ አይደርቅም። ማንደጃውን በፈረቃ፣ አንድ ቀን በእኛ አንድ ቀን በእነሱ በኩል አስጠጋንለት። ከቤታችን ማዶ ፀጉር የምትሠራ ልጅ የፀጉር ማድረቂያ አዋሰችን። «መጣ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ስልክ መሰካት፣ ልብስ መተኮስ ቀረ፤ ተሯሩጠን ግድግዳውን እንደ ሙሽራ ፀጉር እናደርቀዋለን። እንዲህ የተንከባከብነው ልጅ የለንም።

ልጁ በጳጉሜን መጣ። ፀሐይ ወጥታለች፤ መብራትም ነበር፤ ስልኩም ሙሉ ነው። ቁም ሳጥኔ ወደ ቦታው፣ ሥዕሏም ወደ ቦታዋ ተመልሰዋል። በእኛ በኩል አነሳ፤ ዞሮ ሄዶ በእነሱም በኩል አነሳ። ከዚያ ተመልሶ ግድግዳውን ቀረብ ብሎ አየውና በአመልካች ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ ትንሽ ገባ።

«እርጥብ ነው እኮ፣ እናት።»

«ክረምት ነው ልጄ፤ ያልረጠበ ምን አለ?»

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ቆሞ ጻፈ፤ ሲጽፍም ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ግድግዳ፣ ቆሟል።» ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ተባለ፤ ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ምን እንደሆነ አልሰማሁትም። ምን እንደሚሆን ግን አውቄዋለሁ፤ እኔም በራሴ አነጋገር ያንኑ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እዚያው ቤት ብዙ ክረምት አሳለፍን። ጎረቤቴ ሰሃኗን ይዛ በዝናብ ግቢውን መዞር ነበረባት፤ በገባች ቁጥር ይህን ግድግዳ ያቆመውን ሰው ትራገማለች፤ ባሏም ከኋላዋ ጃንጥላ ይዞ ይሰማታል። ጥቅምት ላይ ግድግዳው ሲደርቅ ወንዶቹ በነጭ ለሰኑት። የልጁ ጣት የገባችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አስቆምኳቸው፤ ዙሪያዋን ለስነው አለፏት። ከወረዳው የፈቃድ ወረቀት አልደረሰንም። ይህች አለችን።